የሳንባ ካንሰር አንዱ አገር ላይ ቀድሞ ሌላው ጋ ዘግይቶ የሚገኘው ለምንድነው? ከድሬዳዋ ለመጣ ጥያቄ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት፣ አባቷ 63 ዓመታቸው ነው፣ ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ 30 ዓመት በቀን አንድ ፓኬት ሲያጨሱ ቆይተው ከአራት ዓመት በፊት ያቆሙ። ሳል ጀመራቸው፣ የጉንፋን መድሃኒት ተሰጣቸው፣ ከዛ የኒሞኒያ፣ ከዛ አክታቸው ላይ ምንም ሳይገኝ የቲቢ መድሃኒት ተጀመረላቸው፣ በስምንተኛው ወር አዲስ አበባ ሄደው ሲቲ ስካን ሲነሱ ስቴጅ 4፣ ማለትም ወደ ሌላ አካል የተሰራጨ፣ የሳንባ ካንሰር ተባሉ። አሜሪካ ያለ የአክስቷ ልጅ ደግሞ ካርታ ላከላት፣ ኬንታኪ የሚባለው ስቴት ዘግይቶ በተገኘ የሳንባ ካንሰር ቀይ ሆኗል፣ ዩታ ነጣ ብሏል። እና ጥያቄዋ "የኛ ምስራቅ የትኛውን ይመስላል? ሙቀቱ ነው፣ የሲሚንቶው አቧራ ነው፣ ጫቱ ነው? ወንድሜና እናቴስ ይመርመሩ ወይ?" የሚል ነው።

እህቴ፣ በመጀመሪያ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ፣ ስለሳቸው ከታች እመለሳለሁ። ሐረር ላይ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ ብዙ ጊዜዬ የሚያልፈው ሳንባ በሽተኞች ጋ ነው፣ አንቺ የጻፍሽው የስምንት ወር ጉዞ ደግሞ ለኔ አዲስ አይደለም፣ ከጭሮ የመጣውም ከጅግጅጋ የመጣውም ከፈዲስ የመጣውም ያንኑ መንገድ ነው ሄዶ የሚመጣው፣ ለዛም ነው ረዘም አድርጌ የምመልሰው።

ካርታውን እንየው መጀመሪያ። እንደዚህ አይነት ካርታ ላይ ሁለት በጣም የተለያዩ ቁጥሮች አሉ፣ ሰው ግን አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። አንደኛው ከ100,000 ሰው ውስጥ በዓመት ስንቱ ዘግይቶ በተገኘ የሳንባ ካንሰር ተያዘ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከታመሙት መሃል ስንት ፐርሰንቱ ዘግይቶ ተገኘ የሚለው። ለምሳሌ እንበልና (ቁጥሩን እኔ ነኝ ለምሳሌ የፈጠርኩት) አንዱ ክልል ከ100,000 ሰው 100 ይታመማል፣ 40ው ዘግይቶ ይገኛል። ሌላው ክልል 20 ብቻ ይታመማል፣ ግን 14ቱ ዘግይቶ ነው የሚገኘው። የመጀመሪያውን ቁጥር ካርታ ላይ ብታስቀምጪ አንደኛው 40 ሁለተኛው 14 ስለሆነ ሁለተኛው ክልል ደህና ይመስላል። ነገር ግን አንዴ ከታመምሽ የቱ ጋ ብትኖሪ ይሻልሻል? አንደኛው ጋ ነዋ፣ ምክንያቱም እዛ ከአስሩ ስድስቱ በጊዜ ይደረስለታል፣ ሁለተኛው ጋ ሦስቱ ብቻ።

ኬንታኪ የቀላው በዋናነት በመጀመሪያው ቁጥር ነው። ትምባሆ የሚያበቅል፣ የድንጋይ ከሰል የሚቆፍር፣ ለብዙ ዘመን አጫሽ የበዛበት ስቴት ነው፣ በሳንባ ካንሰር መያዝ ከአሜሪካ ስቴቶች ከላይኞቹ አንዱ ሆኖ ነው የኖረው። ዩታ ደግሞ ሃይማኖታቸው ትምባሆ የሚከለክል ሰዎች የሚበዙበት ስለሆነ አጫሹ ትንሽ ነው፣ በሽታውም ከሁሉም ስቴት ዝቅ ያለ ነው፣ የሁለቱ ልዩነት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የሚገርመው ግን ኬንታኪ ያንን ሸክሙን አይቶ ዝም አላለም፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለድሃው የመንግስት ጤና መድህን አሰፋ፣ ሳል እንኳን ሳይኖራቸው ለረጅም ጊዜ ያጨሱ ሰዎችን በአነስተኛ ጨረር ሲቲ መመርመር ላይ ከአሜሪካ ግንባር ቀደም ከሆኑት ስቴቶች አንዱ ሆነ፣ ዘግይቶ የሚገኘውም እየቀነሰ መጣ። ስለዚህ ካርታው ላይ ቀይ የሆነ ቦታ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበልሽ። አሜሪካኖቹ መመርመር አለበት የሚሉት ሰው ዕድሜው ከ50 እስከ 80 የሆነ፣ በቀን አንድ ፓኬት ለ20 ዓመት ወይም ያንን የሚያክል ያጨሰ፣ አሁንም የሚያጨስ ወይም ካቆመ 15 ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። አባትሽ 63፣ 30 ዓመት አንድ አንድ ፓኬት፣ ካቆሙ አራት ዓመት። ኬንታኪ ቢሆኑ ኖሮ ሳሉ ሳይጀምራቸው በየዓመቱ ሲቲ እንዲነሱ ከሚጠሩት መሃል ነበሩ። እርግጥ እዛም ቢሆን መስፈርቱን ከሚያሟላው ሰው አብዛኛው አይነሳም፣ ግን በሩ አለ።

በጊዜ መገኘት እንዲህ የምንጨነቅበት ምክንያት ልዩነቱ የሰማይና የምድር ስለሆነ ነው። በአሜሪካ መዝገብ ካንሰሩ ሳንባ ውስጥ ብቻ እያለ ከተገኘባቸው ከ100 ሰው ከ60 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላ በህይወት አሉ፣ ወደ ሌላ አካል ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘባቸው ግን 10 ገደማ ብቻ ናቸው። እዛው ሀብታሙ አገር ላይም ግማሽ ያህሉ ከተሰራጨ በኋላ ነው የሚገኘው፣ ምክንያቱም የሳንባ ስጋ ራሱ ህመም አይሰማውም። እብጠቱ አድጎ የሳንባውን ሽፋን ወይም የጎድን አጥንት እስኪነካ፣ ወይ የአየር ቧንቧ እስኪዘጋ ድረስ ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ስራውን ይሰራል። አባትሽ ቀድመው ባለመናገራቸው ራሳቸውን እንዳይወቅሱ፣ ይሄን ንገሪያቸው።

አሁን ወደኛ ምስራቅ እንምጣ። "የትኛውን ይመስላል" ላልሽው፣ በእኔ እይታ ሁለቱንም አይመስልም፣ የኛ ችግር ሦስተኛ አይነት ነው። ስቴጅ የሚባለው ነገር እኮ እንዲኖር መጀመሪያ ሲቲ መነሳት አለበት፣ ካንሰር መሆኑ እንዲታወቅ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ) መታየት አለበት። ጉርሱም ገጠር ውስጥ ስድስት ወር ስሎ፣ ከስቶ፣ ደም ተፍቶ የሞተ ሰው ቤተሰቡ "ቲቢ ነበር" ወይም "አስም ነበር" ብሎ ነው የሚቀብረው። እሱ ሰው ስቴጅ 4 ተብሎ የትም አልተጻፈም። ሲቲ የሌለበት ቦታ ወረቀት ላይ ስቴጅ 4 የለውም! ስለዚህ የሆነ ክልል ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ስታዪ ሰዉ ጤነኛ ስለሆነ ነው ወይስ ስላልታየ ነው ብለሽ ጠይቂ። አገራችን ውስጥ ከተማን ሙሉ በሙሉ የሚከታተል የቆየ የካንሰር መዝገብ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ስለ ኢትዮጵያ የሚያወጡት ግምትም በአብዛኛው ከዛ መዝገብ ላይ ተነስቶ የተሰላ ነው። በዛ ግምት የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ናቸው ከላይ ያሉት፣ ሳንባ ወደ ታች ነው። ህዝባችን ወጣት መሆኑም አለ፣ የሳንባ ካንሰር በብዛት የሚመጣው ከ60 በላይ ነው፣ አሜሪካ ከሚያዘው ሰው ግማሹ 70 ዓመት አካባቢና ከዛ በላይ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ እዛ ዕድሜ ላይ ያለው ሰው ከጠቅላላው ህዝብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዕድሜ ሳይስተካከል አገርና አገር ማወዳደር ያሳስታል።

ትምባሆን በተመለከተ፣ 2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ100 አዋቂ 5ቱ ትምባሆ ተጠቃሚ ናቸው፣ ከወንዶች 8 ገደማ። ይሄ ለአገር ዝቅተኛ ነው፣ ምስራቁ ግን ከአማካዩ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ በርጫው ነው። ቤቱ ሲሆን ሲጋራ የማይነካ ሰው ጫት ቤት ተቀምጦ ምርቃና ላይ ሲሆን በፍሬ እየገዛ አንዱን ባንዱ እየለኮሰ አምስት ስድስት ይጨርሳል፣ ሐኪም ሲጠይቀው "አላጨስም፣ አልፎ አልፎ ብቻ" ነው የሚለው። ከድንበር የሚገባው የኮንትሮባንድ ሲጋራም ርካሽ ነው። እኔ ታካሚዬን "ታጨሳለህ ወይ" ብዬ አልጠይቅም፣ "በርጫ ላይ ስንት ፍሬ ይሄዳል" ነው የምለው፣ መልሱ ወዲያው ይለወጣል። ስለ ጫቱ ለጠየቅሽኝ፣ ለሳንባ ካንሰር ዋናው ተጠያቂ አብሮት ያለው ጭስ ነው። ያ ጭስ ደግሞ መስኮት ዘግቶ የሚቃምበት ቤት ውስጥ ሻይ የምታቀርበዋንም ልጅ ያገኛታል። ሺሻም ጋያም በውሃ ውስጥ አለፈ ተብሎ የሚጣራ ነገር የለም።

ሙቀቱ አይደለም። ድሬ ሞቃት ስለሆነች ሳንባ ካንሰር አይመጣም፣ ይሄን ከልብሽ አውጪው። አቧራውን በተመለከተ ትንሽ ለየት አድርጌ ልመልስ። ድንጋይ ሲፈለጥ፣ ሲቆፈርና ሲፈጭ የሚወጣው ደቃቅ የሲሊካ ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፣ የናፍጣ ጭስም እንደዛው በ2012 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል፣ አባትሽ ደግሞ ናፍጣ ሲያሸቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ድንጋይ የሚፈጭ፣ ጠጠር ማምረቻ የሚሰራ ልጅ ካለሽ አፉን በጨርቅ ማሰሩ በቂ አይደለም፣ ብናኙን በውሃ ማርጠብ ነው የሚያስፈልገው፣ ይሄን አሰሪዎች በግድ ሊያደርጉት ይገባል ባይ ነኝ። ይሁንና የአባትሽን ጉዳይ ካየን 30 ዓመት አንድ ፓኬት የሚለው ብቻውን ከበቂ በላይ ነው፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ላይ ስትቆጪ ወንድምሽ ኪስ ውስጥ ያለው ፓኬት እንዳይረሳ እሰጋለሁ።

የማድ ቤት ጭስ ግን ሊረሳ አይገባም። ቻይና ዩናን ውስጥ ሹዋንዌይ የሚባል አካባቢ አለ፣ ሴቶቹ አያጨሱም ማለት ይቻላል፣ ግን በሳንባ ካንሰር ከቻይና ከፍተኛ ከሆኑት ነበሩ። ምክንያቱ ቤት ውስጥ ጭስ ማውጫ በሌለው ምድጃ የሚያነዱት ጭሳም የድንጋይ ከሰል ነበር። ምድጃው ላይ የጭስ ማውጫ ሲገጠም በሽታው ወደ ግማሽ በሚጠጋ ቀነሰ። የአንድ አገር ልጆች ሆነው፣ አንድ ምግብ እየበሉ፣ ቀበሌና ቀበሌ ይለያይ የነበረው በሚያነዱት ነገር ነው። እኛ የምናነደው እንጨትና የእንጨት ከሰል ነው፣ ያንን ያህል ማስረጃ የለበትም፣ ግን የእንጨቱ ጭስ "ሳያመጣ አይቀርም" ከሚባሉት መሃል ነው። እናትሽ ከሰሉን ደጅ ወይም መስኮት ከፍተው ቢያነዱት ወጪ የለውም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፣ እኛ ጋ ካንሰሩን ዘግይቶ እንዲገኝ የሚያደርገው ምንድነው የሚለው። እኔ ካየሁት ትልቁ ምክንያት ቲቢ ነው። ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ ማታ ላብ፣ ደም መትፋት፣ ሁለቱም ላይ አሉ። ቲቢ በበዛበት አገር ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ የሳለ ሰው መጀመሪያ ለቲቢ መመርመሩ ትክክል ነው፣ ሐኪሞቹን በዛ አልወቅስም። አክታው ላይ ካልተገኘም ራጅ ታይቶ መድሃኒት የሚጀመርበት አሰራር አለ፣ እሱም ብዙ ሰው አድኗል። ችግሩ ከዛ በኋላ ያለው ነው። የቲቢ መድሃኒት ለሁለት ወር አራት አይነት ይሰጥና ከዛ ለአራት ወር ወደ ሁለት ይቀነሳል። ያ የሁለተኛው ወር መጨረሻ ለኔ ትልቁ ቀን ነው። ሰውየው በትክክል እየወሰደ፣ አክታው ላይ ቲቢ ተገኝቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ክብደቱ ካልጨመረ፣ ሳሉ ካልቀነሰ፣ ራጁ ያው ከሆነ፣ "ቀጥል፣ ስድስት ወሩን ጨርስ" ተብሎ የሚሸኝበት ምክንያት የለም። ያኔ ነው "ይሄ ቲቢ ነው ወይ?" ተብሎ እንደ አዲስ መጠየቅ ያለበት፣ ሲቲ የሚታዘዘው፣ ናሙና የሚወሰደው። አባትሽ ጋ ያ ጥያቄ በሁለተኛው ወር ቢጠየቅ ኖሮ ቢያንስ አራት ወር እናተርፍ ነበር፣ ስቴጁን ይለውጠው ነበር ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ደግሞ የሚያታልል ነገር አለ። እብጠቱ የአየር ቧንቧውን ሲዘጋ ከጀርባው ያለው የሳንባ ክፍል ይመረቅዛል፣ ኒሞኒያ ይሆናል፣ አንቲባዮቲክ ሲሰጠው እሱ ኒሞኒያ ይሻለዋል፣ ትኩሳቱ ይጠፋል፣ ሰውየው "ዳንኩ" ይላል፣ ቤተሰብም ደስ ይለዋል፣ ከወር በኋላ እዛው ቦታ ላይ ይመለሳል። ከቲቢ መድሃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲንም ሌላ ባክቴሪያ ስለሚገድል የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የተሻለው ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ዕድሜው ከ40 ያለፈ አጫሽ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቴ ኒሞኒያ ከያዘው፣ በተለይ ያው ሳንባ ያው ቦታ ላይ ከሆነ፣ ሦስተኛ አንቲባዮቲክ አይሰጠው፣ ሲቲ ይነሳ። ድምፅ ሳይጮህ ሳይዘፍን ሦስት ሳምንት ከጎረነነ፣ የጣት ጫፍ አብጦ ጥፍሩ ከጎበጠ፣ ፊትና አንገት ጠዋት ጠዋት ካበጠ፣ ትከሻ ውስጥ ማታ የማያስተኛ ህመም ወደ ክንድ ከወረደ፣ እነዚህም ዝም የሚባሉ አይደሉም። ራጅ "ንፁህ ነው" ተብሎ ቢመጣም ከልብ ጀርባና ከትከሻ አጥንት ስር ያለ እብጠት ሊደበቅ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ሲቲ አንድ ቦታ፣ ናሙናው ሌላ ቦታ፣ ብሮንኮስኮፒ (የአየር ቧንቧን በቀጭን ካሜራ ማየት) አዲስ አበባ። ከድሬ አዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፣ የታመመ ሰው ብቻውን አይሄድም፣ አስታማሚ አለ፣ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ ሪፈር ወረቀቱን ተቀብሎ ብር እስኪያገኝ ሁለት ወር ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ስንት ነው። ፍየል ሸጦ የመጣ ሰው "ቀጠሮህ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው" ሲባል ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ብዙው ሁለተኛ አይመጣም። ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ላይ የካንሰር ህክምና ማዕከል መኖሩ ለዚህ ነው ትልቅ ነገር የሆነው፣ ለምስራቁ ሰው ህክምናውን ያቀርብለታል። ግን ህክምናው ብቻ ቢቀርብ በቂ አይደለም፣ ናሙና መውሰዱና ማንበቡም እዚሁ በሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ገንዘብ የማፈሰው እሱ ላይ ነው።

"ታዲያ እኛስ እንደ አሜሪካ ሁሉንም አጫሽ ሲቲ ብናነሳ?" የሚል ሰው ይኖራል። ማንቸስተር እንግሊዝ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲቲውን መኪና ላይ ጭነው ድሃ ሰፈር የገበያ ማዕከል በር ላይ አቆሙት፣ ካገኟቸው ካንሰሮች ከ10 ስምንቱ ገደማ ገና በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ የነበሩ ናቸው። በጣም ደስ የሚል ስራ ነው፣ ማሽኑን ሰዉ ጋ መውሰድ የሚለውን ሀሳብ እኛም ልንወስደው እንችላለን። ግን አሜሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው ትልቅ ጥናት ላይ፣ በሲቲ ምርመራ የሳንባ ካንሰር ሞት በ20 ፐርሰንት መቀነሱ በታየበት ጥናት ማለቴ ነው፣ ከአራት ምርመራ አንዱ ገደማ "የሆነ ነገር አለ" ብሎ ነበር፣ ከዛ ውስጥ ከ100 96ቱ ካንሰር አልነበሩም። ቲቢ ጠባሳ ባልበዛበት አገር እንዲህ ከሆነ እኛ ጋ ብዙ ሰው ሳንባው ላይ የድሮ ጠባሳ ይዞ ነው የሚመጣው። ሁሉንም ለናሙና እንላክ ብንል በትክክል የታመመው ሰው ወረፋ ላይ ይሞታል። ስለዚህ አሁን ባለን አቅም ምልክት ያለበትን ሰው በፍጥነት ማየት ይቀድማል ባይ ነኝ፣ ቲቢ ክሊኒኩ እኮ እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ አለ፣ የሁለተኛውን ወር ጥያቄ እዛ ማስገባት ወጪው ትንሽ ነው።

አባትሽ። ስቴጅ 4 ማለት ምንም አይደረግም ማለት አይደለም፣ ይሄን ማንም ቢልሽ አትስሚው። በሳንባቸው ዙሪያ ውሃ ካለ ይቀዳል፣ ትንፋሻቸው ያን ቀን ይቀላል። አጥንታቸውን የሚያማቸው ከሆነ አጭር የጨረር ህክምና ህመሙን ያስታግሳል። ህመሙ ከበዛ ሞርፊን አለ፣ "ሱስ ይሆንባቸዋል" ብላችሁ እንዳትከለክሏቸው፣ በሐኪም መጠን ተስተካክሎ ለካንሰር ህመም የሚሰጥ ነው። የፓቶሎጂ ውጤቱ ላይ "ስሞል ሴል" ነው ወይስ "ነን ስሞል ሴል" የሚለውን ጠይቂ፣ ህክምናው ይለያያል፣ ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ በእንክብል የሚታከም አይነት የጂን ለውጥ ካለበት ይታይ ወይ ብለሽ ኦንኮሎጂስቱን (የካንሰር ሐኪሙን) ጠይቂ፣ አጫሽ ላይ ዕድሉ ትንሽ ቢሆንም መጠየቁ አይጎዳም። ኬሞ ይሰጣቸው አይሰጣቸው የሚወሰነው ግን በስቴጁ ብቻ አይደለም፣ ራሳቸው ተነስተው ይታጠባሉ ወይ፣ ቀኑን ቁጭ ብለው ነው ተኝተው ነው የሚያሳልፉት፣ ይሄን ሐኪሙ ሲጠይቅሽ እንዳለ ንገሪው፣ አታሳምሪው። እሳቸውም ምን እንደሚፈልጉ ይጠየቁ፣ እኛ አገር ለልጅ ተነግሮ ለበሽተኛው ይደበቃል፣ እኔ ይሄን አልደግፍም።

ወንድምሽ 38 ዓመቱ ነው፣ ከ20 ዓመቱ ጀምሮ በቀን አስር ያህል ያጨሳል ብለሻል። ግማሽ ፓኬት ለ18 ዓመት ማለት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፓኬት እንዳጨሰ ነው የሚታሰበው፣ ዕድሜውም ገና ነው፣ ምልክት ከሌለው ሲቲ አያስፈልገውም። አባት ላይ መገኘቱ የሱን አደጋ ከፍ ያደርገዋል፣ ግን ከዛ በብዙ የሚበልጠው ሲጋራው ነው። ካቆመ በአስር ዓመት ውስጥ አደጋው ማጨሱን ከቀጠለ ሰው ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ይሄንን የሚያክል መድሃኒት የለኝም። በርጫ ላይ እየተቀመጠ ሲጋራ አቆማለሁ ማለት በጣም ይከብዳል፣ ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር ከጓደኞቹ ቢርቅ፣ ወይም በርጫቸው ላይ ሲጋራ እንዳይለኮስ ቢስማሙ፣ የምግብና መድሃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ማጨስን ከልክሎ የለ፣ ጫት ቤቱን ይሄን ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

እናትሽ ምልክት ከሌላቸው ምርመራ አያስፈልጋቸውም። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን አክታና ራጅ፣ ለሁለቱም ጤና ጣቢያው መጀመሪያ ነው። እና የአባትሽን ራጆች በሙሉ፣ የመጀመሪያውንም ጨምሮ፣ ሲቲውን በሲዲ፣ የፓቶሎጂ ወረቀቱን፣ የቲቢ ካርዱን አንድ ፌስታል ውስጥ አድርገሽ ያዢ፣ ወደ የትኛውም ሐኪም ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ፣ በተለይ የመጀመሪያውን ራጅ "አሮጌ ነው" ብለሽ እንዳትጥዪው።